የፓርክ መግቢያው ገንዘብ የት ይገባል?

ወንድሜ፣ «ግብር እየከፈልን አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ላለው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ደግሞ በመኪና 30 ዶላር ለምን?» ብለህ ጠይቀሃል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ሕግ መሠረት ከመግቢያው ገንዘብ በተለምዶ ቢያንስ 80 በመቶው እዚያው ፓርክ ይቀራል። ዋናው ወጪ ግን ኮንግረስ በየዓመቱ ከሚመድበው በጀት ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመ የመሬትና የውሃ ጥበቃ ፈንድ አለ። ገንዘቡ በዋናነት ኩባንያዎች ከባሕር ላይ ነዳጅና ጋዝ ሲያወጡ ለመንግሥት ከሚከፍሉት ነው። ከአንዱ የተፈጥሮ ሀብት ሲወሰድ ሌላው ይጠበቅበት ማለት ነው፤ ደስ የሚል ሐሳብ! በዓመት እስከ 900 ሚሊዮን ዶላር ተፈቅዶለት ኮንግረስ ለአሥርተ ዓመታት እየቆነጠረ ሰጠው። ቀሪው ለሌላ ጉዳይ ዋለ። 900 ሚሊዮኑ በየዓመቱ ሙሉ በሙሉ እንዲሰጥ የተደነገገው ገና በ2020 ነው። ያው ሕግ ሳይሠራ ለተጠራቀመ ጥገና ለ5 ዓመት፣ በዓመት እስከ 1.9 ቢሊዮን ዶላር ፈቅዶ ነበር።

ጥገናው ቀላል እንዳይመስልህ። በሸናንዶዋ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭ፣ ብቻውን 105 ማይል ነው። ፎቶ ስትነሱ የተደገፋችሁት የድንጋይ አጥር አለ አይደል? በ1930ዎቹ ሥራ ያጡ ወጣቶች በእጃቸው የካቡት ብዙ ነው። ውሃ ይገባበታል፣ ክረምት ላይ ውሃው በረዶ ይሆናል፣ ማያያዣው ይፈረፈራል።

በነገራችን ላይ፣ አራተኛ ክፍል የሆነ ልጅ ካለህ «ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ» የሚባለውን ነፃ ፓስ አውጣለት። በመኪናው ያላችሁት ሁሉ አብራችሁት ትገባላችሁ።