የመጀመሪያ ፕሮጀክት መኪና፦ ሞተሩ የቆመ ቢኤምደብሊው ወይስ የጡረተኛው ዲኤክስ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ሁለት መኪና አግኝተሃል። አንዱ ቢኤምደብሊው 318 ነው፤ ኢ30 የሚባለው ቦዲ፣ ሞተሩ ከቆመ ሁለት ዓመት ያለፈው። ዋጋው ወርዷል፣ ልብህም ወደ እሱ ሄዷል። ሌላው የአንድ ጡረተኛ ዲኤክስ፣ የድሮው ቶዮታ ኮሮላ ነው። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ግን በየቀኑ ይሄዳል። "የመጀመሪያ ስፖርት መኪናዬን ራሴ ልሠራ ነው፣ 200 ፈረስ ጉልበት የሚያወጣልኝ የቱ ነው?" ብለሃል።

መልሴ ዲኤክሱ ነው። 200 ግን አታወጣበትም። ለጊዜው አያስፈልግህምም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ረዘም ይልብሃል፣ አቦ ታገሰኝ።

የኔ የመጀመሪያ መኪና ቀይ ሴሊካ ነበረች። የፊት መብራቷ ብድግ የምትለዋ። ያየኋት አመሻሽ ላይ ነው፣ ቀለሟ ያብረቀርቃል። ደላላው ቸኮለ፣ እኔም ቸኮልኩ። ያለኝን ብር በሙሉ ከፈልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ከጓደኛዬ ጋር ወደ ሐረር ስንወጣ፣ ደንገጎ ሳንደርስ የሙቀቱ መርፌ ቀይ ነካ። ዳር ይዘን ቆምን። ከማርሚታዋ ነጭ ጭስ ይወጣል። ሞተሩ ሲበርድ የዘይቱን ክዳን ከፈትኩ። ከክዳኑ ስር የተጣበቀው ዘይት አልነበረም፣ ማኪያቶ ነው የሚመስለው። ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል። ጓርኒሲዮኑ (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተቃጥሎ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተቆልምሟል።

ይሄ ሁሉ ይጠገናል። መኪናዋን የገደላት ሌላ ነገር ነው። ለዚያ ሞተር የሚሆን ጓርኒሲዮን ድሬ የለም፤ አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ በሰው አስፈለግሁ፣ አልተገኘም። ከዱባይ እስኪመጣ አራት ወር ጠበቅሁ። በአራት ወር ውስጥ ጎማው ተቀመጠ፣ ባትሪው ሞተ፣ ብሩ ለሌላ ጉዳይ ወጣ። ከሁሉ በላይ የኔ ፍላጎት ቀዘቀዘ። ብዙ ሰው ፕሮጀክት የሚያቆመው ገንዘብ ስላጠረው ይመስለዋል። እኔ ያየሁት እንደዚያ አይደለም። የሚቆመው በመጠበቅ ነው።

ስለዚህ ፈረስ ጉልበቱን ከመጠየቅህ በፊት ይህን አድርግ። ወረቀት ላይ ስድስት ዕቃ ጻፍ፦ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የውሃ ፓምፕ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የፍሬን ሸራ፣ የፊት እግር ኩሽኔታ፣ የሞተር ብሮንዚና። ያንን ይዘህ ድሬ ያሉትን የመለዋወጫ ሱቆች በእግርህ ዙር። አንዴ ለቢኤምደብሊው፣ አንዴ ለዲኤክስ ጠይቅ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለዲኤክሱ አብዛኛውን እዚያው ታገኛለህ፤ የጎደለው ከሶማሌ ተራ በአውቶቡስ ይላክልሃል። ለቢኤምደብሊው የሚሰጡህን መልስ ራስህ ስማው።

ቢኤምደብሊውን እየናቅሁ እንዳይመስልህ። ኢ30 ግሩም መኪና ነው። በኋላ እግሩ ይገፋል፣ መሪው ያወራሃል፣ ክብደቱ ተመጣጥኗል። 318 እንደ ዓመቱ ከ105 እስከ 115 ፈረስ ጉልበት አለው። ሞተሩ እየሠራ ቢሆን ኖሮ ምናልባት መልሴ ይለወጥ ነበር። ሁለት ዓመት የቆመ ሞተር ግን ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ዝጎ ይሆናል። የጎማ ማሸጊያዎቹ ደርቀዋል፣ ሰርባቲዮው ውስጥ ያለው ቤንዚን ሙጫ ሆኗል። "ሞተሩን እንቀይረዋለን" ይሉሃል። ከየት? ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቤንዚን የሚበላ የቤት መኪና ወደ አገር አይገባም። ያለን አገር ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ሞተር ብታገኝ እንኳ ወረቀቱን አብረህ ተረከብ። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ቁጥሩ ካልገጠመና ለውጡን ካላስመዘገብክ ቦሎ ስታወጣ ትያዛለህ።

አሁን ወደ 200ው እንምጣ። ይህን ነገር እኔም ዘግይቼ ነው የገባኝ።

ካታሎግ ላይ ያለው ፈረስ ጉልበት ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ አየር ታስቦ ነው። እዚያ በ15 ዲግሪ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር 1.225 ኪሎ ይመዝናል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በ35 ዲግሪ ቀን ያው አየር ወደ 1 ኪሎ ይወርዳል። ሞተርህ ከመነሻው ወደ 19 በመቶ የሚሆን አየር አጥቷል ማለት ነው። ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፣ ግን ቀዝቀዝ ትላለች። በ22 ዲግሪ አየሩ 0.95 ኪሎ ገደማ ነው። ያን ሁሉ ሽቅብ ወጥተህም ልዩነቱ ጥቂት ነው። የድሬን ሙቀት እንደ ተራራ ቁጠረው። እዚህ የምንሠራው ሥራ ግማሹ አየሩ የወሰደብንን ማስመለስ ነው።

ዲኤክሱ ውስጥ ያለው 4ኬ ሞተር 1,290 ሲሲ ነው። 60 ፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። በኛ አየር 50 እንኳ አይሞላም። ትንሽ ናት ብለህ ትስቅ ይሆናል። መኪናዋ ግን 900 ኪሎ ገደማ ብቻ ናት፣ የምትገፋውም በኋላ እግር ነው። ኤኢ86 የሚባለው የጃፓኖቹ ዝነኛ ኮሮላ ከስሩ ሲታይ ለዲኤክስ የቅርብ ዘመድ ነው። ሐረር ስትገባ ደግሞ አሮጌዎቹን ፔጆ 404 ታክሲዎች ተመልከት። ያው 404፣ በ1.6 ሊትር ሞተር፣ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 (እ.ኤ.አ.) አሸንፏል። ያሸነፈው ሳይሰበር ስለደረሰ ነው።

ዲኤክሱን ዝም ብለህ ግዛው ማለቴ ግን አይደለም። በጠዋት ሂድ፣ ሞተሩ ሳይነሳ። ባለቤቱን "ጋሼ፣ ቀዝቃዛውን ልየው" በላቸው። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ ላሜራውን ዳብስ፤ ካልያዘ ስቱኮ ነው። የበሩን ስር፣ የኋላ ባውዛውን ስር፣ የባትሪውን መቀመጫ እይ። ከዚያ የኮምፕሬሽን ጌጅ (ሲሊንደሩ የሚጨምቀውን ግፊት የሚለካ) ይዘህ ካንዴላዎቹን፣ እሳት የሚሰጡትን፣ ንቀል። አራቱንም ሲሊንደር ለካ። በኛ ከፍታ ቁጥሩ ከመጽሐፉ ዝቅ ይላል፣ አትደንግጥ። የምታየው በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከ10 በመቶ ካላለፈ ሞተሩ ጤነኛ ነው። አንዱ ወርዶ ከተገኘ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርግና ደግመህ ለካ። ከፍ ካለ የፒስቶኑ ፋሻ (ቀለበቱ) አልቋል፤ ካልተነቃነቀ ቫልቩ ነው። ይሄ ልኬት ከማንም ደላላ ወሬ ይበልጣል።

ሌላው፣ ብርህን ለሁለት ክፈለው። ግማሹ መኪናውን ይግዛ፣ ግማሹ አይነካ። እኔ ሴሊካዋ ላይ ሁሉንም ስላፈሰስኩ ነው እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩት።

ከገዛህ በኋላ ጉልበቱን አትንካ። መጀመሪያ ውሃውን አስተካክል። የድሬ ውሃ ማሰሮ ላይ ነጭ ጠጠር እንደሚያስቀር እናትህ ትነግርሃለች። ያ ጠጠር ራዲያተሩ ውስጥም ይጋገራል። ራዲያተሩን አስወርደህ አስጠርገው፣ ከዚያ ኩላንት ከባትሪ ውሃ ጋር ሙላ። የቧንቧ ውሃ ዳግመኛ አይግባበት። የራዲያተሩን ክዳን ቀይር። ድሬ ላይ ውሃ 96 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ሐረር 94 ላይ። እንዳይፈላ የሚይዘው የክዳኑ ግፊት ነው። ተርሞስታቱን ደግሞ "ለሙቀት አገር አይሆንም" ብለው ነቅለው ይጥሉታል። እባክህ መልሰው። 82 ዲግሪ አካባቢ የሚከፍተውን ግጠም። ያለ ተርሞስታት ሞተሩ በሐረር ጠዋት ሳይሞቅ ይሄዳል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ሲሊንደሩም ያልቃል።

ቀጥሎ ፍሬኑ። እዚህ ላይ በጣም ነው የምለምንህ። ሁለተኛዋ መኪናዬ ዲኤክስ ነበረች። ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ቀይሬ፣ ደስ ብሎኝ፣ ፍሬኑን ሳልነካ ከደንገጎ ወደ ድሬ ወረድኩ። ከጥቂት ኩርባ በኋላ ፔዳሉ ለሰለሰ። እንደገና ረገጥኩ፣ ወለል ነካ። ፊት ለፊቴ የጫነ አይሱዙ አለ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ስቤ፣ ጠጠሩ ላይ አቆምኳት። እጄ ለብዙ ደቂቃ ይንቀጠቀጥ ነበር። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። በኔ መኪና ውስጥ የነበረው ማንም የማያስታውሰው ዓመት የተቀየረ ነው። ዘይቱን በዶት 4 በሙሉ አጥበህ ቀይር፣ የጎማ ቱቦዎቹን ቀይር፣ ጥሩ ሸራ ግዛ። ያ መንገድ የእሽቅድምድም ቦታ አይደለም። ፍየል፣ ግመል፣ ከአወዳይ የሚወርድ ጫት የጫነ መኪና አለበት። ጉልበቷን ሽቅቡ ላይ ቅመሰው፣ ቁልቁሉን በማርሽ ውረድ።

እሺ፣ ጉልበቱ። ጤነኛውን 4ኬ በመጀመሪያ አስተካክለው። የቫልቭ ክፍተት፣ እሳት፣ ካርቡራቶር። ለባሕር ዳርቻ አየር የተሠራ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከያዘ በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ አንሷል፣ የሻይ ከወተት ቀለም ካለው ልክ ነው። ቤንዚን የምታልፍባትን የናስ ጂግለር በአንድ ቁጥር እያሳነስክ ሞክር። ይሄ ብዙ ብር አይጠይቅም፣ ግን መኪናዋ ሌላ መኪና ነው የምትመስልህ። ቀጥሎ ሁለት ጉሮሮ ያለው ዌበር ካርቡራቶርና ጭሱን በደንብ የሚያወጣ ቧንቧ። ድሬ ጥሩ በያጅ አይጠፋም፤ ቧንቧው ሲታጠፍ እንዳይጠብ ብቻ ቆመህ ተመልከት።

ቴስታታው ከወረደ አይቀር የስሩን ገጽ ቶርኖ ቤት ትንሽ አስልገው። ቀጭን አየር ውስጥ ሲሊንደሩ ስለማይሞላ፣ መጭመቂያውን ትንሽ ብታሳድገው ሞተሩ ይሸከመዋል። ብዙ ግን አይሆንም፤ ሽቅብ ላይ ነዳጅ ስትሰጥ የሚያንኳኳ ድምፅ ከሰማህ አልፈሃል።

ከዚያ በኋላ ነው 5ኬ የሚባለው ሞተር የሚመጣው። ከአሮጌ ቶዮታ ላይትኤስ ወይም ከቶዮታ ፎርክሊፍት ይወጣል። 1,486 ሲሲ ነው፣ የዚያው የ4ኬ ቤተሰብ። ካምቢዮህን (የማርሽ ሳጥኑን) ሳትቀይር እዚያው ቦታ ይቀመጣል። 15 በመቶ ትልቅ ሞተር አገኘህ፤ የድሬ አየር ከወሰደብህ አብዛኛው ተመለሰ። እኔ ባለ 5ኬ ዲኤክሴን ይዤ ደንገጎን በሦስተኛ ማርሽ ስወጣ፣ ያ ስሜት ሴሊካዋ አንድ ቀን ያልሰጠችኝ ነው።

የህልም ሞተር ካልከኝ የቶዮታው 4ኤጂኢ ነው። 1,587 ሲሲ፣ 16 ቫልቭ፣ እንደ ስሪቱ ከ112 እስከ 140 ፈረስ ጉልበት። ግን ለኋላ እግር የሚሆነው ካምቢዮው እምብዛም አይገኝም። ከፊት እግር መኪና የወጣውን ገዝቼ ለኋላ እግር አዙሬ አስቀምጣለሁ ብትል ቶርኖ ቤት ትኖራለህ። ቱርቦ ደግሞ ቀጭን አየር ላይ ጥሩ መፍትሔ ነው፣ ለመጀመሪያ መኪና ግን አይሆንም። ሙቀቱን፣ ዘይቱን፣ ቤንዚኑን ገና መስማት ሳትለምድ ፒስቶን ይቀልጥብሃል።

ለቢኤምደብሊው ሻጭ "አመሰግናለሁ፣ ትንሽ ልቆይ" በለው። ዲኤክሱን የማየት ቀን ከያዝክ ጌጁ እኔ ጋ አለ፣ መጥተህ ውሰደው። ካንዴላዎቹን ስትነቅል ከፊት ወደ ኋላ በተራቸው ደርድረህ ፎቶ አንሳና ላክልኝ፤ ቀለማቸውን አይቼ እነግርሃለሁ።