ሥዕሉ ልክ ነው፣ እንጨቱ ግን አልገባ አለ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በዚህ ዕትም ከጅማ

ጥያቄ፦ ለስቱዲዮ ሥራ ያለ ምስማር የሚገጣጠም ዳስ ከባለ 18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ በሲኤንሲ ማሽን (በኮምፒውተር በሚመራ መቁረጫ) አስቆረጥን። ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ይገጥማል። ስንገጣጥመው ግን ግማሹ ምላስ (ቀዳዳ ውስጥ የሚሰካው ጫፍ) አልገባ አለ፣ ግማሹ ይወዛወዛል። ጥፋቱ የማሽኑ ነው የእኛ?
— የ4ኛ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ የማሽኑ አይደለም። "18 ሚሊሜትር" የመሸጫ ስም ነው እንጂ ልክ አይደለም። አንዱን ኮምፔንሳቶ ዙሪያውን በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ቢለኩት እዚህ 17.3፣ እዚያ 18.2 ሊያገኙ ይችላሉ። ቀዳዳው በ18 ከተቆረጠ የመጀመሪያው ይወዛወዛል፣ ሁለተኛው አይገባም። የጻፉልን ችግር ይኸው ነው።

የጅማ ክረምት ደግሞ ይጨምርበታል። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ ተጋድሞ ሐምሌን ያሳለፈ ኮምፔንሳቶ በጥር ከተለካው ይወፍራል። ስለዚህ በሚቆረጥበት ክፍል ውስጥ ከወለል ከፍ አድርጋችሁ፣ በየመሃሉ ጣውላ እያስገባችሁ ጥቂት ቀን አቆዩት። የምትለኩትም በመቁረጫው ዕለት ጠዋት ይሁን።

ከለካችሁ በኋላ በቁራጭ ላይ ማበጠሪያ የመሰለ መሞከሪያ ቁረጡ፦ ከ17.2 ጀምሮ እስከ 18.4 በ0.2 ሚሊሜትር የሚሰፉ 7 ቀዳዳዎች። ምላሱ በእጅ ተገፍቶ፣ በላስቲክ መዶሻ ሁለቴ መታ ሲደረግ የሚገባበት ቀዳዳ ልካችሁ ነው። ቁጥሩን ሥዕሉ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ለውጡ። ውፍረቱ ከመጀመሪያው እንደ ተለዋዋጭ (አንዴ ሲቀየር ቀዳዳዎቹን ሁሉ አብሮ የሚቀይር ቁጥር) ካልተያዘ ግን 200 ቀዳዳ አንድ በአንድ ስታርሙ ታድራላችሁ።

የማይገባው ምላስ ሌላም ምክንያት አለው። ክብ ፑንታ (እየዞረ የሚቆርጠው የማሽኑ ጫፍ) ስል ውስጣዊ ማዕዘን አያወጣም፤ ባለ 6 ሚሊሜትሩ በየማዕዘኑ 3 ሚሊሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ይተዋል፣ የምላሱ ሹል ጫፍም እዚያ ይቆማል። ማዕዘኑን በትንሽ ክብ አሳልፎ መቁረጥ ነው፣ በተለምዶ "ዶግቦን" የሚባለው። የክቡን ዲያሜትር 6.2 ሚሊሜትር አድርጉት፤ ልክ 6 ከሆነ አንዳንድ ሶፍትዌር ሳይቆርጠው ያልፈዋል። በመዶሻ ኃይል ለማስገባት አትሞክሩ፣ የላይኛው ስስ ሽፋን ይላጣል። (የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ ስለሚወጣ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ኮምፔንሳቶ ግን ሥራው በሙሉ መገጣጠሚያ ነው።)

እንጨቱ ጠርዙ ላይ ከጠቆረ ፑንታው እየቆረጠ ሳይሆን እየፈተገ ነው። ሁለት ስለት ላለው 6 ሚሊሜትር ፑንታ በደቂቃ 18,000 ዙር፣ በደቂቃ ከ3,000 ሚሊሜትር የጉዞ ፍጥነት ጋር ጥሩ መነሻ ነው፤ በአንድ የመቁረጥ ምልልስ ከ6 ሚሊሜትር ጥልቀት በላይ አትውረዱ።

መብራት ሲሄድስ? እዚህ ላይ ላፕቶፑ ራሱ ጠንቅ ይሆናል። በትንንሽ ማሽኖች ላይ መቆጣጠሪያው ኃይል የሚያገኘው በዩኤስቢ ከሆነ፣ ሞተሮቹ ቆመው እሱ ግን እርምጃ እየቆጠረ ይቀጥላል። መብራት ተመልሶ ሞተሩ ሲነሳ ፑንታው ያለበትና ኮምፒውተሩ ያለ የመሰለው ቦታ አይገናኝም፣ ቀሪው ሁሉ ተዛንፎ ይቆረጣል። አስቀድማችሁ የማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ቋሚ የማዕዘን መደገፊያ እሰሩ፤ መብራት ሲጠፋ አቁሙ፣ ሲመለስ ዜሮውን (የመነሻ ነጥቡን) ከመደገፊያው ላይ እንደገና ያዙ።

ጥያቄ፦ የሥነ ሕንፃ ትምህርትን ከዲጂታል ግንባታ ጋር የሚያገናኝ የምርምር ማዕከል ለመጀመር ሮቦት ግድ ነው?
— የአርክቴክቸር መምህር፣ ጅማ

መልስ፦ አይደለም። ስሙ የገነነው ምሳሌ በርግጥ የሮቦት ነው፦ አርክቴክቶቹ ግራማዚዮና ኮህለር በ2005 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንዱ የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ኢቲኤች የከፈቱት ላቦራቶሪ፣ በማግሥቱም ዓመት ለጋንተንባይን ወይን መጥመቂያ ሮቦት የደረደረው 20,000 ጡብ። እያንዳንዱ ጡብ በራሱ አንግል ዞሮ ተቀመጠ። ቅርባችን ያለው ግን ሌላ ነው፦ ኢቲኤችና የአዲስ አበባው የሥነ ሕንፃ ተቋም ኢአይኤቢሲ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ በአፈር የገነቡት ሱዱ የተባለ ባለ ሁለት ፎቅ የሙከራ ቤት። እዚያ ዋናው ነገር የቦታው አፈር ምን ያህል ይሸከማል የሚለው ነበር፣ ያ ደግሞ ተጠቅጥቆና ተሞክሮ ካልሆነ ከስክሪን ላይ አይነበብም።

ስለዚህ ሮቦቱ ይቆይ። 1.3 በ2.5 ሜትር ጠረጴዛ ያለው ሲኤንሲ (1.22 በ2.44ቱን ኮምፔንሳቶ ሳይቆርጡ ለማስተኛት)፣ አቧራ መሳቢያ፣ የእርጥበት መለኪያ፣ ካሊፐር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ደመወዙ በጊዜ የሚከፈለው አንድ ቴክኒሺያን። ቴክኒሺያን ሳይቀጠር የመጣ ሮቦት ላስቲክ ለብሶ ይቀመጣል።

ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ገጽ ይኑር፦ የተሳለው ልክ፣ የተቆረጠው ልክ፣ የዕለቱ እርጥበት፣ የት እንዳልገጠመ። ገጹን የሚሞላው የገጣጠመው አናጢ ይሁን። ተማሪው ሥራውን ሲያቀርብም አናጢው ከመምህራኑ ጋር ይቀመጥ። ያ ገጽ ወደ ቀጣዩ ሴሚስተር ሥዕል ካልተመለሰ ቦታው ማዕከል ሳይሆን ማስቆረጫ ነው።

ጥያቄ፦ የሕንፃውን ሞዴል ከድሮው ካርታ ላይ ካስቀመጥነው በኋላ በጂፒኤስ ስናየው ከሳይቱ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል።
— ቀያሽ፣ ጅማ

መልስ፦ ካርታው በአዲንዳን፣ ጂፒኤሱ በደብሊውጂኤስ 84 ነው፤ ሁለቱ ቦታን የሚለኩባቸው መነሻዎች የተለያዩ ናቸው። ሁለቱም "ዞን 37 ሰሜን" ስለሚሉ ያምታታሉ። ሶፍትዌሩ ላይ ለካርታው 20137፣ ለጂፒኤሱ 32637 የሚለውን ኮድ ይምረጡና ያስቀይሩት፤ ሞዴሉን በእጅ ጎትተው አያስተካክሉ። ደግሞም 260,000 እና 848,000 የመሳሰሉ የካርታ ኮኦርዲኔት (የቦታ መለያ) ቁጥሮችን ሞዴሉ ውስጥ እንዳሉ አይተዉ፣ መስመሮቹ መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። የሳይቱን አንድ የድንበር ድንጋይ ዜሮ አድርገው፣ ትክክለኛ ኮኦርዲኔቱን በመጀመሪያው የሥዕል ገጽ ላይ ይጻፉት።