ጥያቄና መልስ፦ ወደ ማንሃተን በዋሻ ስንገባ

ባለፈው ወደ ኒውዮርክ በመኪና ስለመሄድ ጥቂት ነገር ካነሳሁ ወዲህ ጥያቄው ጎርፎልኛል። አብዛኛው ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ነው። ለሰርግ፣ ለለቅሶ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ በሄዱ ቁጥር ዋሻው አፍ ላይ ቆመው የተቃጠሉ ሰዎች ናቸው። ማንሃተን ደሴት መሆኗ ትዝ የሚለን ለካ ልንገባባት ስንል ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ቀኑና ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱ ግን በሀበሻ ነው።

ጥያቄ፦ ታክሲ ነጂ ነኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ። ከኒውጀርሲ ተርንፓይክ ወጥቼ በአይ 78 እስከ ሆላንድ ዋሻ ድረስ ሀይዌይ ነው። ከዋሻው ብቅ ስል ግን ቀይ መብራት፣ እግረኛና የካናል ጎዳና ግርግር ይቀበለኛል። ሀይዌዩ የት ገባ? ገንዘብ አለቀባቸው?

መልስ፦ ገንዘብስ አልቸገራቸውም። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናስተካክል። ዋሻው የተከፈተው በኅዳር 1927 ነው። ያኔ ኢንተርስቴት የሚባል፣ እንደ አይ 78 ያለ ግዛት አቋራጭ ሀይዌይ አልነበረም። የከተማ ጎዳናን ከከተማ ጎዳና ሊያገናኝ ነው የተሠራው። ሀይዌዩ በኒውጀርሲ በኩል መጥቶ የተቀጠለበት ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ከዚያ በማንሃተን በኩልም ይቀጠል ተባለ። የኒውዮርክን መንገድና ድልድይ ለአሥርት ዓመታት እንዳሻው ያዘዘው ባለሥልጣን ሮበርት ሞዝስ ከዋሻው መውጫ ተነስቶ፣ የደሴቷን ደቡብ ሰንጥቆ፣ እስከ ማንሃተንና ዊሊያምስበርግ ድልድዮች የሚዘልቅ ባለ 10 መስመር መንገድ አቀደ። በምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ የሚሄድ ነበር። በመንገዱ ላይ ወደ 2,000 የሚጠጋ ቤተሰብ ይኖራል። ዛሬ ሶሆ የምንለው፣ አንድ ጫማ በወር ደመወዝ የሚሸጥበት ሰፈር፣ መሀሉ ሊፈርስ ነበር። ነዋሪው አሻፈረኝ አለ። ከፊት ከተሰለፉት አንዷ ስለ ከተማ ኑሮ የምትጽፈው ጄን ጄኮብስ ነበረች። በ1968 በዚሁ ጉዳይ በተጠራ ስብሰባ ላይ ተቃውሞዋን ይዛ መድረክ ላይ ስትወጣ ፖሊስ አሰራት። በዓመቱ ከንቲባ ጆን ሊንዚ ዕቅዱ ቀርቷል አለ።

እኔ ደግ አደረጉ ባይ ነኝ። ምክንያቴን ማየት ከፈለጉ ወደ ሰሜን ይሂዱ። በጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ ገብተው የደሴቷን ቀጭን ጫፍ በአይ 95 ቢያቋርጡ ክሮስ ብሮንክስ የሚባለው ሀይዌይ ላይ ይወድቃሉ። እሱ የሞዝስ ዕቅድ የተሳካበት ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ አስነስቶ ሰፈሮችን ለሁለት ከፍሏል። ትራፊኩ ቀለለ? እርስዎ ታክሲ ነጂ ነዎት፣ ለእርስዎ አልነግርም።

ጥያቄ፦ ያደግኩት ደብረ ሲና ነው። በጣርማ በር ዋሻ ስናልፍ “መስኮት ዝጉ!” ይባል ነበር። እሱ ግን 600 ሜትር እንኳን አይሞላም። ሆላንድ ዋሻ ከወንዝ በታች ሆኖ፣ መኪና ተኮልኩሎበት፣ ጭሱ እንዴት አያፍነንም?

መልስ፦ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የወደድኩት ይሄን ነው። የዋሻው ጥበብ ያለው ቁፋሮው ላይ ሳይሆን አየሩ ላይ ነውና።

ከወንዝ በታች መቆፈር አዲስ ነገር አልነበረም። በሃድሰን ወንዝ ሥር ባቡር ከ1908 ጀምሮ ይሄድ ነበር። የባቡር ዋሻዎቹ ግን በኤሌክትሪክ ነው የሚሠሩት፣ ጭስ የላቸውም። መኪና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተፋል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ርዝመቱ ከ2.5 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ፣ ጥልቅ ቦታው ከውሃው ወለል 28 ሜትር ገደማ በሚወርድ ቱቦ ውስጥ ሺህ መኪና ቢቆምስ? በጊዜው ማንም መልሱን አያውቅም ነበር።

ስለዚህ ሞከሩት። በዬል ዩኒቨርሲቲ ፈቃደኛ ሰዎችን የታሸገ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው በመጠን የተለካ ጋዝ እያስተነፈሱ መቼ ራሳቸውን እንደሚያማቸው መዘገቡ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ደግሞ በአንድ ማዕድን ማውጫ ከመሬት በታች መንገድ ሠርተው መኪና እያዞሩ አየሩን ለኩ።

ከዚያ የመጣው መፍትሔ ይሄ ነው። በሁለቱም ዳር ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት የአየር ማስተላለፊያ ሕንፃዎች አሉ። በውስጣቸው 84 ግዙፍ ማራገቢያዎች አሉ፤ 42ቱ ንጹሕ አየር ያስገባሉ፣ 42ቱ የተበከለውን ያስወጣሉ። ንጹሑ አየር ከአስፋልቱ ሥር ባለ ቦይ ይመጣል። የሚወጣው በመንገዱ ጠርዝ ላይ ባሉ ጠባብ ክፍተቶች ነው። ጭሱ ሙቅ ነው፣ ወደ ላይ ይወጣል። ጣሪያው ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ተስቦ ከጣሪያው በላይ ባለው ሌላ ቦይ ይሄዳል። የዋሻው አየር በሙሉ በ90 ሴኮንድ ይለወጣል። በሚቀጥለው ጊዜ መሀል ላይ ሲቆሙ ከጎማዎ አጠገብ የመንገዱን ጠርዝ ልብ ብለው ይመልከቱ፣ ክፍተቶቹን ያያሉ።

ብልሃቱ አየሩ ከታች ወደ ላይ መሄዱ ነው። ከዋሻው ጫፍ እስከ ጫፍ ቢነፍስ ኖሮ መሀል ላይ እሳት ቢነሳ ነበልባሉን እያሯሯጠ ያመጣብን ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት የመኪና ዋሻዎች ብዙዎቹ ከዚህ ነው የተማሩት። መስኮትዎን ከፍተው መሄድ ይችላሉ። የፊተኛው ናፍጣ ከሆነ ግን ይዝጉት፣ ምን አደከመዎት።

ጥያቄ፦ ዋሻውን የሠሩት ሆላንዶች ናቸው እንዴ?

መልስ፦ አይደሉም። ዋና መሐንዲሱ ክሊፎርድ ሆላንድ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። በጥቅምት 1924፣ ከሁለቱ ዳር ሲቆፈር የነበረው ሊገናኝ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በ41 ዓመቱ ሞተ። ዋሻው በስሙ ተጠራለት። የተተካው ሚልተን ፍሪማንም ወራት ሳይቆይ ሞተ። ሥራውን የጨረሰው ኖርዌይ ተወልዶ ያደገው ኦሌ ሲንግስታድ ነው። የአየሩ ነገር በዋናነት የእሱ ሥራ ነው፤ ዋሻው ግን በስሙ አልተጠራም።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ብሩክሊን እህቴ ጋ ስሄድ ጂፒኤሱ በሆላንድ ዋሻ ነው የሚመራኝ። ባለፈው የኢዚፓስ (የመንገድ ክፍያ በራሱ የሚቆርጠው መሣሪያ) ሂሳቤን ሳየው ለአንድ መግቢያ ሁለት ጊዜ ተቆርጧል። ተጭበርብሬ ይሆን?

መልስ፦ አልተጭበረበርሽም እህቴ። የመጀመሪያው የዋሻው ክፍያ ነው። የሚቆረጠው ወደ ኒውዮርክ ሲገባ ብቻ ነው፣ ስትወጪ ነጻ ነሽ። ሁለተኛው ከጥር 5 ቀን 2025 ጀምሮ የመጣ ነው። ከ60ኛው ጎዳና በታች ወዳለው ማንሃተን የገባ የቤት መኪና ኢዚፓስ ካለው በቀን ሰዓት 9 ዶላር፣ በሌሊት 2 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይከፍላል። በቀን አንዴ ነው። ቀን በሆላንድ ወይም በሊንከን ዋሻ የገባ 3 ዶላር ይቀነስለታል። ስለዚህ ያየሽው 6 ዶላር መሆን አለበት።

“ማንሃተንን ማለፌ እንጂ መቆሜ አይደለም” ትይ ይሆናል። አይሠራም። በምሥራቅና በምዕራብ ዳር ያሉት መንገዶች ከክፍያው ነጻ ናቸው። የሆላንድ ዋሻ መውጫ ግን ክልሉ መሀል ነው።

ደግሞስ ብሩክሊን ለመድረስ ማንሃተን ምን ያደርጋል? ከተርንፓይኩ በመውጫ 13 ውጪ፣ በጎታልስ ድልድይ ስታተን አይላንድ ግቢ፣ በአይ 278 ቀጥ ብለሽ ቬራዛኖ ድልድይን ተሻገሪ፣ ብሩክሊን ነሽ። ገንዘብ አታተርፊም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ቬራዛኖ ቅናሽ የሚያደርገው ኒውዮርክ ላወጣው ኢዚፓስ ነው። የሜሪላንዱ በውዱ ዋጋ ነው የሚቆረጥበት። የምታተርፊው ካናል ጎዳና ላይ የሚቃጠለውን ነዳጅና ንዴት ነው። ቶሎ ቶሎ የምትመላለሺ ከሆነ የኒውዮርክ ኢዚፓስ አውጪ፤ ለማውጣት እዚያ መኖር የለብሽም።

ጥያቄ፦ ለድግስ ምግብ አቀርባለሁ፣ የምኖረው ኒውዋርክ ነው። ሃርለም ውስጥ ሥራ አለኝ። የፕሮፔን ጋዝ ሲሊንደር ይዤ በሊንከን ዋሻ ማለፍ እችላለሁ?

መልስ፦ በፍጹም! በሊንከንም፣ በሆላንድም፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ ታችኛው ፎቅም ክልክል ነው። ያለዎት የድልድዩ ላይኛው ፎቅ ነው። እሱም የመጠን ገደብ ስላለው ከመነሳትዎ በፊት ዋሻዎቹንና ድልድዩን የሚያስተዳድረውን የፖርት ኦቶሪቲን ደንብ ይመልከቱ። ለነገሩ ለሃርለም የሚቀርበው ድልድዩ ነው።

ሕጉ የጠነከረው ያለ ነገር አይደለም። በግንቦት 1949 አንድ የጭነት መኪና ካርቦን ዳይሰልፋይድ የሚባል በቀላሉ የሚቀጣጠል ኬሚካል በብዙ በርሜሎች ጭኖ ሆላንድ ዋሻ ገባ። ያኔም ክልክል ነበር። መሀል ላይ ተቀጣጠለ። የጭነት መኪኖች ተያያዙ፣ ጣሪያው ረገፈ፣ ከ60 በላይ ሰዎች በጭስ ተጎዱ። ብዙ ሰው ሳይሞት የቀረው ቅድም ያልኳችሁ ማራገቢያዎች ጭሱን ወደ ላይ እየሳቡ ስላወጡት ነው። ሲሊንደሩን እዚያው ሃርለም ቢከራዩ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ከኒውጀርሲ ኒውዮርክ የገባነው የቱ ጋ እንደሆነ ሁሌ ይጠይቀኛል።

መልስ፦ ዋሻው ግድግዳ ላይ ተጽፏል። መሀል አካባቢ ሸክላው ላይ መስመር አለ፣ በአንድ ወገን ኒውጀርሲ፣ በሌላው ኒውዮርክ ይላል። የሚነዳው ሰው አይፈልገው፣ ልጁ ይፈልገው።

ጥያቄ፦ ቤት ልቀይር የጭነት መኪና ተከራይቼ ነበር። ጂፒኤሱ “ኤፍዲአር ድራይቭ ግባ” አለኝ፣ ፖሊስ መግቢያው ላይ አስቁሞ መለሰኝ። የራሴን ዕቃ ነው የጫንኩት ብለው አልሰማኝም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፖሊሱን አመስግነው። ኤፍዲአር፣ የማንሃተን ምሥራቅ ዳር መንገድ፣ ለትንንሽ መኪና ብቻ ነው። ሄንሪ ሃድሰን ፓርክዌይም እንደዚያው። የማን ዕቃ እንደጫንክ አይጠየቅም፣ የመኪናው ዓይነት ነው የሚታየው። ከላይ የሚያልፉት ድልድዮች ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ጣሪያህን እንደ ቆርቆሮ ይልጡት ነበር። የስልክ ጂፒኤስ ከተራ መኪና በቀር የምትነዳውን አያውቅም።

በምዕራብ በኩል ከ57ኛው ጎዳና በታች ያለው ዌስት ሳይድ ሀይዌይ ግን የጭነት መኪና ይፈቅዳል። ስሙ ሀይዌይ ይሁን እንጂ መብራት ያለው ሰፊ ጎዳና ነው። ድሮ እውነተኛ ሀይዌይ ነበር፣ በምሰሶ ላይ የተንጠለጠለ። በታኅሣሥ 1973 አስፋልት የጫነ መኪና ላዩ ላይ ሲያልፍ ተደርምሶ ከነመኪናው ወረደ። አስፋልቱ የተጫነው እኮ ያንኑ መንገድ ለመጠገን ነበር! ከዚያ ዘጉት፣ ኋላም አፈረሱት። በምትኩ ከመሬት በታች ሊሠሩ የነበረው ትልቅ ሀይዌይም ለዓመታት በፍርድ ቤት ሲጓተት ቆይቶ በ1985 ቀረ። ዛሬ ዳር ዳሩን ሰው በብስክሌት ይሄዳል። ከተማዋም አልቆመች።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ጠዋት ከኒውጀርሲ በአውቶቡስ ነው የምገባው። መኪናው ሁሉ ቆሞ እኛ እንበራለን። ማታ ግን ከሁሉም ጋር እንቆማለን። ለምንድነው?

መልስ፦ ጠዋት የምትሄጂበት መስመር የአውቶቡስ ብቻ ነው። ከ1970 ጀምሮ አለ። ወደ ሊንከን ዋሻ በሚወስደው በመንገድ ቁጥር 495 ላይ ከተቃራኒው አቅጣጫ አንድ መስመር ተቀንሶ ለአውቶቡስ ይሰጣል። ሠራተኞች በየማለዳው አስፋልቱ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ውስጥ የፕላስቲክ ምሰሶ እየሰኩ ይከልሉታል፤ 4 ሰዓት ሲሆን ይነቅሉታል። ርዝመቱ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኮቪድ በፊት በአንድ ጠዋት ከ1,800 በላይ አውቶቡስና ከ60 ሺህ በላይ ሰው ያልፍበት ነበር። ያን ሁሉ ሰው በየቤት መኪናው ቢያስቡት ሦስቱም የሊንከን ቱቦዎች አይበቁትም።

ማታ ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ እንዲህ ያለ መስመር የለም። ለእኔ ከአዲስ ዋሻ በፊት መደረግ ያለበት ይሄ ነው። እስከዚያው የሥራሽ ሰዓት ከፈቀደ ከ10 ሰዓት በፊት ወይም ከ1 ሰዓት በኋላ ተነሺ። በመካከሉ ግን ባቡሩን ሞክሪው።