ሰበር ሦስተኛ ይግባኝ አይደለም

ጥያቄ፦ ቤት የገዛሁት በሁለት ምስክሮች ፊት በእጅ በተጻፈ ውል ነው። ገንዘቡን ከፍዬ ጨርሻለሁ። ሻጩ ስሙን እንዲያዛውርልኝ ስጠይቀው «መሸጡን ሸጫለሁ፤ ነገር ግን ውሉ በውልና ማስረጃ አልተመዘገበምና አይጸናም» ብሎ ተከራከረኝ። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክሴን ውድቅ አደረገው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደግሞ ሻጩን እንኳ ሳይጠራ ይግባኜን ዘጋው። አሁን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ልል ነው። በክርክሩ ጊዜ ያላገኘኋቸው ሁለት ምስክሮችም አሉኝ። ይሰሙልኛል?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ አይሰሙልዎትም። ይህን አስቀድሜ የምነግርዎ ለማይሆን ነገር ገንዘብም ተስፋም እንዳያባክኑ ብዬ ነው።

ከፍተኛው ፍርድ ቤት የመጀመሪያ ደረጃውን ውሳኔ ለውጦት ወይም አሻሽሎት ቢሆን ኖሮ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለተኛ ይግባኝ ማቅረብ ይችሉ ነበር። ስላጸናው ግን የይግባኝ መንገዱ እዚያው አብቅቷል። የቀረዎት ሰበር ነው፤ ይህም በመጨረሻ ውሳኔ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖር አለመኖሩን የሚያይ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎት ነው። የይግባኝ ችሎቱና ሰበር ችሎቱ በአንድ ግቢ ውስጥ ስለሚገኙ ብዙ ባለጉዳይ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። የይግባኝ ችሎት የሥር ፍርድ ቤት ፍሬ ነገሩን በትክክል መርምሮ እንደሆነም፣ ሕጉን በአግባቡ ሠርቶበት እንደሆነም ያያል። ሰበር ችሎት ግን ማን እውነት ተናገረ፣ የማን ምስክር ይታመናል ብሎ አይመዝንም። የሥር ፍርድ ቤቶች የደረሱበትን ፍሬ ነገር እንዳለ ተቀብሎ «በዚህ ላይ ሕጉ በትክክል ተሠርቶበታል ወይ?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ሥልጣኑን የሰጠው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ነው፤ መለኪያውም «መሠረታዊ የሕግ ስህተት» ነው። አግባብነት የሌለውን ሕግ መጥቀስ፣ ሕግን ያለ አግባብ መተርጎም፣ ትክክለኛውን ጭብጥ (የክርክሩን ዋና ነጥብ) አለመያዝ፣ የሰበርን አስገዳጅ ትርጉም ተቃርኖ መወሰን ከነዚህ ይቆጠራሉ።

ሻጩ ሳይጠራ መዝገቡ በመዘጋቱ ማዘንዎ ይገባኛል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 337 ግን የይግባኝ ፍርድ ቤት በሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ከተስማማ መልስ ሰጪውን ሳይጠራ ይግባኙን እንዲሰርዝ ይፈቅዳል። ሕጋዊ ነው። ሆኖም ዳኞች እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ሲጽፉ ምክንያታቸውን ጥቂት መስመር ጨምረው ቢያስረዱ ባለጉዳይ አልተሰማሁም ብሎ እያለቀሰ አይወጣም ነበር። ይህን ዳኞችም እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዝዛል። ሰበር ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ሥርዓት ያልተከተለ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት የሚጸና እንዳልሆነ ወስኗል። ብዙ የቤት ገዢዎች የወደቁት በዚህ ውሳኔ ነው፤ የእርስዎም ሁለት ፍርድ ቤቶች በዚሁ መንገድ የሄዱ ይመስለኛል። ነገር ግን በጥያቄዎ ውስጥ አንዲት ቃል አለች፦ «ሸጫለሁ»። ሰበር ከዚያ በኋላ በሰጠው ሌላ ውሳኔ ሻጩ ውሉን ማድረጉን ካመነ አለመመዝገቡ ብቻውን ውሉን እንደማያፈርሰው ተርጉሟል። ስለዚህ የሻጩን የመከላከያ መልስ ግልባጭ አውጥተው መስመር በመስመር ያንብቡት። «ሸጫለሁ» ያለው በጽሑፍ መልሱ ወይም ችሎት ፊት ቀርቦ ከሆነና ይህም በመዝገቡ ላይ ከሰፈረ፣ አቤቱታዎ በዚህ ላይ ይቁም። በመንደር ሽማግሌ ፊት ብቻ ያለው ከሆነ ግን ለሰበር ብዙም አይጠቅምዎትም።

አቤቱታው መጀመሪያ የሚታየው በሦስት ዳኞች አጣሪ ችሎት ነው። የሚወጣው ትእዛዝ «ያስቀርባል» ወይም «አያስቀርብም» የሚል ይሆናል። አያስቀርብም ከተባለ መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ይመለሳል። ያስቀርባል ከተባለ ሻጩ መልስ እንዲሰጥ ይታዘዛል፤ ከዚያም ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ይወስናሉ። የእነዚህ ዳኞች የሕግ ትርጉም በየትኛውም እርከን ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ ይህም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ተጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ቀጥሏል። ያንን ትርጉም ለመለወጥ ከሰባት ያላነሱ ዳኞች መሰየም አለባቸው።

«ሁለት ፍርድ ቤት የረታው ሰው በሰበር ይሸነፋል ወይ?» ብለው ይሰጉ ይሆናል። ይሸነፋል። በመዝገብ ቁጥር 23632 እናቱ የሞተችበትንና አክስቱ ያሳደገችውን ልጅ የሥር ፍርድ ቤቶች በሙሉ ለአባቱ ይሰጥ ብለው ነበር። ሰበር ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 መሠረት አድርጎ የልጁ ጥቅም ይቀድማል በማለት ሁሉንም ሽሮታል። የተለወጠው ሕጉ የተነበበበት መንገድ ነው። የእርስዎም አቤቱታ ይህን ይምሰል።

ጊዜዎ የመጨረሻው ውሳኔ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠር 90 ቀን ነው። አቤቱታ ማቅረብ ብቻውን አፈጻጸምን አያግድም፤ ሻጩ ከቤቱ ሊያስወጣዎት የሚችልበት ፍርድ ካለ እግድ ለይተው ይጠይቁ። የከፈሉት ገንዘብ እንዲመለስልዎ በክስዎ ላይ በአማራጭ ጠይቀው እንደነበርም ይመልከቱ። ካልጠየቁ በሰበር አዲስ ጥያቄ አድርገው ማንሣት አይችሉም፤ በሌላ ክስ የሚጠየቅበትን መንገድ ከጠበቃ ጋር ይመርምሩ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በሰው መግደል ተከሶ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ባለፈው ሳምንት 12 ዓመት ጽኑ እስራት ፈረደበት። ክሱ ሲነበብለት «መትቼዋለሁ፤ ይሞታል ብዬ ግን አላሰብኩም» አለ። ፍርድ ቤቱ ጥፋቱን አምኗል ብሎ ምስክር ሳይሰማ ጥፋተኛ አለው። ያመነ ሰው ይግባኝ የለውም ይሉናል። እውነት ነው?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የነገሩዎት ግማሹ እውነት ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 185 ጥፋቱን ያመነ ተከሳሽ በቅጣቱ መጠን ወይም ሕጋዊነት ላይ ካልሆነ በጥፋተኝነቱ ላይ ይግባኝ እንዳይል ይከለክላል። ግን ማመን ምንድን ነው? የዚሁ ሕግ ቁጥር 134 እንደሚለው የክሱን ዝርዝር ያለ ምንም ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ መቀበል ነው። በሰው መግደል ክስ ውስጥ ሐሳብ ራሱ የክሱ አካል ነው። «መትቼዋለሁ፤ ይሞታል ብዬ ግን አላሰብኩም» ያለ ሰው በእኔ አስተያየት አላመነም፤ ቃሉ እንደ ክህደት ተመዝግቦ ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን ማሰማት ነበረበት። የይግባኙ ቅሬታ መነሻ ይህ ይሁን።

ዋናው ነገር ግን ወንድምዎ የተናገረው ሳይሆን በመዝገቡ የሰፈረው ነው። ጸሐፊው «ጥፋተኛ ነኝ አለ» ብሎ ብቻ ጽፎት ከሆነ መንገዱ ይጠብባል። የፍርዱን ግልባጭ ብቻ ሳይሆን ክሱ የተነበበበትን ቀን የችሎት መዝገብም አስገልብጡ። በዚህም በኩል ባይሳካ ቅጣቱን መቃወም ይቀራል፤ የቀድሞ መልካም ጠባዩና መጸጸቱ ለማቅለያነት ተይዘውለት እንደሆነ ይመርመር። ዐቃቤ ሕግም ቅጣቱ አነሰ ብሎ ይግባኝ የማለት መብት እንዳለው አትርሱ።

ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጉዳዩን ያየው በመጀመሪያ ደረጃ ሥልጣኑ ስለሆነ ወንድምዎ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ አለው። የይግባኝ ማስታወቂያው ፍርዱ ከተሰጠ በ15 ቀን፣ ዝርዝር ቅሬታው ደግሞ ግልባጩ በእጁ ከገባ በ30 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ለማስታወቂያው ጠበቃ እስክታገኙ አትጠብቁ፤ ይግባኝ ማለቱን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ፈርሞ ለማረሚያ ቤቱ አስተዳዳሪ በዚህ ሳምንት ይስጥ። አስተዳዳሪው ለፍርድ ቤቱ ያስተላልፈዋል፤ የተቀበለበትን ቀን ግን በቅጂው ላይ ያስጽፉ።