የአያቴ ቀለሆች ለምን ተሰነጠቁ?

ጥያቄ፦ የጎንደር አዘዞ ነዋሪ ነኝ። አያቴ ትተውት ከሄዱት ዝናር ውስጥ አሥራ አንድ የውጅግራ (የድሮ ጠመንጃ) ቀለሆች አሉ። ዝናሩ ለብዙ ዓመታት ከበጎች ጉረኖ አጠገብ ባለ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ዘንድሮ ሳወርደው ማንም ሳይነካቸው ሦስቱ ከአንገታቸው ቁልቁል ተሰንጥቀው አገኘኋቸው። ውጭ አገር በዒላማ ተኩስ የሚወዳደረው ወንድሜ የተተኮሰ ቀለህ መልሶ ከመሙላቱ በፊት አንገቱን በእሳት እንደሚያለሰልስ ነግሮኛል። የእሳቱ ጥቅም ምንድን ነው? የቀሩትንስ አንጥረኛ ዘንድ ባስግላቸው ይድናሉ?

መልስ፦ በገለጹልን ሁኔታ ከሁሉ በፊት የምንጠረጥረው ጉረኖውን ነው። ቀለህ የሚሠራበት ናስ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ሲሆን፣ ከዝርግ ናስ ተነሥቶ ሳይግል እየተገፋና እየተሳበ ብልቃጥ የሚመስል ቅርጽ ስለሚይዝ፣ በተለይ በጠበበው አንገቱ ውስጥ ለዓይን የማይታይ ውጥረት ይቀርበታል። ከእንስሳት ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ከእርጥበት ጋር ተደርቦ እንዲህ የተወጠረውን ናስ ሲያገኘው ውስጥ ውስጡን እየበላ ይሰነጥቀዋል። በህንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በፈረስ ጋጣ ያከማቸው ጥይት በዝናሙ ወራት እየተሰነጠቀ ያስቸግረው ስለነበር ጉዳቱ «የወቅት ስንጥቅ» የሚል ስም ወጣለት፤ የአሞኒያውና የውጥረቱ ነገር በጥናት ተብራርቶ የታተመው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው።

ወንድምዎ የሚያደርገውም ከዚሁ ውጥረት ጋር የተያያዘ ነው። ቀለህ በተተኮሰ ቁጥር ይሰፋል፣ ለዳግም ሙሌት ሲዘጋጅ ደግሞ በቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ ይጠባል፤ በዚህ መመላለስ አንገቱ እየጠነከረ ሄዶ እርሳሱን (ተተኩሶ የሚወጣውን የጥይት ጫፍ) አንዱ አጥብቆ፣ ሌላው አላልቶ ይይዘዋል። ያን ጊዜ የጥይቶቹ ፍጥነት ስለሚለያይ በሩቅ ዒላማ ላይ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ያርፋል። የእሳቱ ጥቅም የጠነከረውን አንገት መልሶ በማለስለስ ሁሉም እርሳሱን በእኩል እንዲይዙ ማድረግ ነው። ተወዳዳሪዎች የቀለሁን ርዝመት ለክተው ትርፉን ይቆርጣሉ፣ ባሩዱን የምትለኩሰው ማቀጣጠያ የምትገባበትን ጎድጓዳ ያጸዳሉ፣ በክብደትም ይለያሉ፤ እኛ ግን ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ አንገትን የማለስለስ ሥራ ነው እንላለን። ምክንያቱም እሳቱ ከአንገትና ከትከሻው አልፎ ወደ ታች መውረድ የለበትም። የቀለሁ መቀመጫ (የታችኛው ጫፉ) የባሩዱን ግፊት የሚችለው ጠንካራ ስለሆነ ነው፤ እሱ ከለሰለሰ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ሊፈነዳ ይችላል። የቀድሞ ተኳሾች ቀለሆቹን ውኃ በያዘ ዝርግ ሳህን ላይ አቁመው አንገታቸውን ብቻ በነበልባል የሚነኩት ታቹ እንዳይግል ነበር። በነገራችን ላይ፣ ብረት ግሎ ውኃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ ናስ ግን ውኃ ነካውም አልነካው እንደለሰለሰ ይቀራል።

የእርስዎን ቀለሆች በተመለከተ መልሳችን አያስግሏቸው የሚል ነው። የተከፈተ ስንጥቅ በእሳት አይገጥምም፤ ደህና የሚመስሉትም በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖራቸው ይችላል። መልሶ መሙላትንማ ጨርሶ አያስቡት፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረትን ይከለክላል። ውጅግራ በአድዋ ከዘመቱት ጠመንጃዎች አንዱ ነው፤ ጥይቱም በገበያ እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ሆኖ አገልግሏል። ስለዚህ ቀለሆቹ እንዳሉ ቢቆዩ እንመርጣለን።

በቅድሚያ የእያንዳንዱን መቀመጫ ይመልከቱ። መሐል ላይ ያለችው ማቀጣጠያ የመምቻ ምልክት ከሌለባት፣ ወይም እርሳሱ ያልወጣ ጥይት ካገኙ፣ ሳይነካኩ ለፖሊስ ያሳውቁ። ባዶዎቹን ከዝናሩ ያውጧቸው፤ በቆዳው ውስጥ ያለው ስብና አሲድ መዳቡን አረንጓዴ ያዝገዋል። በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ከጉረኖው ርቆ በሚገኝ ክፍል ያኑሯቸው፤ ሲያጸዷቸውም አሞኒያ ያለበት የመስተዋት ማጽጃ አይጠቀሙ።