መልስ፦ የአባቴ ኃጢአት ይከተለኛል ወይ?

ወንድሜ፣ ሟች አባትህ በኮምቦልቻው ሱቅ ሚዛን እያጎደሉ እንዳሳደጓችሁ፣ አንተም ሱቁን ከወረስክ ወዲህ «ሰይጣን አሳስቶኝ» በዚያው ቀጠልኩ ብለሃል።

የአባትህን ለአባትህ ተው። በምርኮ የነበሩ እስራኤላውያን አባቶች ጎምዛዛ ወይን በልተው የልጆች ጥርስ ጠረሰ እያሉ ሲተርቱ፣ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ተረቱን ራሱን ነው የሻረባቸው፤ ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም፣ አባትም የልጁን። ያንተን ግን ለሰይጣን አታሸክመው። እሱ ይገፋፋል እንጂ (አዳምም በሔዋን አሳብቦ አልዳነም) ስኳር አይመዝንም።

ንስሐም የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ መድኃኔዓለም ደጅ ማልቀስ ብቻ አይደለም። ማልቀሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቀራጩን ዘኬዎስን እይ፦ ጌታ ቤቱ በገባ ጊዜ የሀብቴን እኩሌታ ለድሆች እሰጣለሁ፣ ያታለልኩትንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። አንተም በዱቤ ደብተርህ ስማቸው ካለው ደንበኞች ጀምር፤ ስለማታውቃቸው የንስሐ አባትህን አማክር። ሥሩ የተቦረቦረውን የሚዛን ድንጋይ ግን ምክር ሳትጠብቅ፣ ነገ ሱቁን ከመክፈትህ በፊት ከባንኮኒው ላይ አንሣው።