መልስ፦ ለግራኝ የሚመች የሰንጢ መቆለፊያ

ለግራኝ ከላይነር ሎክ፣ ከጀርባ መቆለፊያና ኦፒኔል በተባለው የፈረንሳይ ሰንጢ ላይ ካለው ቀለበት የትኛው ይሻላል ብለህ ጠይቀሃል። ሰንጢውን የምትፈልገው ለምግብና ለእንጨት ከሆነ፣ ከሦስቱ ላይነር ሎኩን ተወው። ከጀርባ መቆለፊያውና ከኦፒኔል ቀለበት ደግሞ እኔ ቀለበቱን እመርጥልሃለሁ።

ላይነር ሎክ እጀታው ውስጥ ያለ ስስ ብረት ወደ ጎን ወጥቶ ስለቱን ከኋላ የሚደግፍበት ነው። አብዛኛው የተሠራው ለቀኝ እጅ አውራ ጣት ስለሆነ፣ በግራ ስትዘጋው ብረቱን በሌባ ጣት ለመሳብ ትገደዳለህ። የእጀታው ጎን ራሱ ስለቱን የሚደግፍበት ፍሬም ሎክም ያው ነው።

የጀርባ መቆለፊያ በእጀታው ጀርባ ያለ ብረት ጥርሱን ስለቱ ላይ ባለ ጎድጓዳ ውስጥ ከቶ የሚይዝበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ባክ 110 የተባለው ሰንጢ ያለው ዓይነት ሲሆን፣ ለሁለቱም እጅ እኩል ነው። ጠንካራ ነው፤ ለመዝጋት ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት እጅ ይጠይቃል።

ኦፒኔል ላይ እ.ኤ.አ. በ1955 የተጨመረው ቀለበት ስለቱ ከተከፈተ በኋላ በጣት የሚዞር ነው። ሞላ የለውም፣ ሲቆሽሽ ታጥቦ ይጸዳል፣ መቆለፉንም በዓይንህ ታያለህ። ቁጥር 8ን ያዝ፤ ስለቱ 8.5 ሳንቲሜትር ነው። ሽንኩርትና ሎሚ የምትቆርጥ ከሆነ የማይዝገውን ዓይነት ውሰድ። ውሃ ውስጥ ግን አትዘፍዝፈው፤ የእንጨት እጀታው ያብጥና ስለቱ አልከፈት ይላል።

አንድ ነገር አደራ፦ የጀርባ መቆለፊያውን ከመረጥክ ጎድጓዳውን ቶሎ ቶሎ አጽዳው። የኪስ ብናኝና ስብ ሲጠራቀምበት ድምፁ "ቀጭ" ይልና የተቆለፈ ይመስላል፣ ግን ጥርሱ እስከ ታች አልገባም። ሥራ ከመጀመርህ በፊት ጣቶችህን ከስለቱ መንገድ አርቀህ የስለቱን ጀርባ ቀስ ብለህ ግፋው፤ ከተንቀሳቀሰ አትቁረጥበት።